አዙሪትና የጆሮ መግል በስኳር እንክብል አይድኑም፦ ከጅማ የተጻፈ ምላሽ

ለማዞርና ለጆሮ ሕመም የሆሚዮፓቲ ሕክምናን፣ ማለትም እጅግ ቀጥኖ በስኳር እንክብል ላይ የሚንጠባጠብ መድኃኒትን፣ የሚያወድስ አንድ ጽሑፍ ሰሞኑን በከተማችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። እኔ ያገኘሁት ወደምሠራበት ክሊኒክ ከመጣች እናት ነው። የአራት ዓመት ልጇ ግራ ጆሮ መግል ማውጣት ከጀመረ ወር አልፎታል፤ የጆሮ ጠብታ ታዞለት ለሦስት ቀን ካደረገችለት በኋላ ጽሑፉን አንብባ አቁማለች። የታጠፈውን ወረቀት ከቦርሳዋ አውጥታ «ዶክተር፣ ይኼኛው ከሥሩ ነው የሚነቅለው ይላል፤ ጠብታው ግን ላይ ላዩን ነው አሉ» አለችኝ። እኔ ዶክተር ሳልሆን የጤና መኮንን ነኝ፤ ሆኖም የጠየቀችኝን ለእርሷ በቃል፣ ጽሑፉን ላነበቡት ሌሎች ደግሞ በጽሑፍ መመለስ እንዳለብኝ የወሰንኩት በዚያው ዕለት ነው።

ጽሑፉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው። ማዞር፣ የጆሮ ጩኸትና የጆሮ ሕመም የሰውነት «ኃይል» ሚዛኑን ሲያጣ ይመጣሉ፤ ጤነኛን ሰው የሚያዞር ነገር እጅግ ቀጥኖ ሲሰጥ የሚያዞረውን ሕመምተኛ ይፈውሳል፤ ይህም በጥናት ተረጋግጧል፤ ልጆችን ከአንቲባዮቲክ ይገላግላል፤ ጉዳት የለውም፤ ከአባቶቻችን መድኃኒት ጋርም ሥሩ አንድ ነው። የጽሑፉ ባለቤት በቅን ልቦና እንደጻፉት አልጠራጠርም። ስማቸውን የማላነሳው ክርክሬ ከሐሳቡ ጋር ስለሆነ ነው።

ጸሐፊው የሚጀምሩት ከሆሚዮፓቲ መሥራች ነው፤ እኔም ከዚያው ልጀምር። ጀርመናዊው ሐኪም ሳሙኤል ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1790 ለወባ ይሰጥ የነበረውን የሲንኮና ዛፍ ቅርፊት ጤነኛ ሳለ ወሰደና የወባ ትኩሳት የሚመስል ስሜት ተሰማኝ አለ። ከዚህ ተነሥቶ፣ በጤነኛ ላይ አንድን ሕመም የሚያመጣ ነገር ያንኑ የሚመስለውን ሕመም ይፈውሳል የሚለውን መርሑን እ.ኤ.አ. በ1796 አሳተመ። ጸሐፊው ይህን ታሪክ እንደ ማስረጃ ያቀርቡታል። ነገር ግን የቅርፊቱ ምስጢር እ.ኤ.አ. በ1820 ሁለት ፈረንሳውያን ኬሚስቶች ኪኒንን ከውስጡ ለይተው ሲያወጡ መገለጥ ጀምሯል። ኪኒን ወባን የሚያድነው ትኩሳትን ስለሚመስል ሳይሆን በደም ውስጥ ያለውን የወባ ተሕዋስ ስለሚገድል ነው፤ ይህንም የሚያደርገው በቂ መጠን ሲወሰድ ብቻ ነው።

ይህ ለጅማ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም። ወባ በአካባቢያችን፣ በተለይም በቆላው በኩል፣ የኖረ በሽታ ነው፤ ዛሬ ለማንኛውም እንክብል የምንጠቀምበት «ክኒን» የሚለው ቃል ራሱ ከኪኒን የመጣ ነው። ኪኒን የወሰደ ሰው ጆሮው እንደሚጮኽና ራሱን እንደሚያዞረው ሽማግሌዎቻችን ያውቃሉ። ሆሚዮፓቲም ይህን የጎን ጉዳት ይዞ ነው ያንኑ ቅርፊት አቅጥኖ ለጆሮ ጩኸትና ለማዞር የሚያዝዘው። እስቲ እናስብ፦ ኪኒን ወስዶ ጆሮው የጮኸበት ሰው መድኃኒቱ ከሰውነቱ ሲወጣለት ጩኸቱ አብዛኛውን ጊዜ ይተወዋል። የሚያሽለው የኪኒኑ መቀነስ ነው፤ ሌላ የቀጠነ ኪኒን መጨመሩ የሚያመጣለት ነገር የለም።

ስለ ማቅጠኑ ጸሐፊው «በቀጠነ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል» ብለዋል። እንክብሎቹ ላይ በብዛት የሚጻፈው 30 የሚል ደረጃ ምን ማለት እንደሆነ ግን አልነገሩንም። አንድ ጠብታ በ99 ጠብታ ውኃ ወይም አልኮል ይበረዛል፤ ከተገኘው አንድ ጠብታ ተወስዶ እንደገና በ99 ይበረዛል፤ በየዙሩም ይነቀነቃል፤ ይህ 30 ጊዜ ይደገማል። ገና በ13ኛው ዙር ላይ፣ የመጀመሪያዋን ጠብታ በዚያ መጠን ለማቅጠን የዓለም ውቅያኖሶች ውኃ ሁሉ ቢሰበሰብ አይበቃም። ቀሪው 17 ዙር ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ እንክብሉ ላይ ከሚንጠባጠበው ፈሳሽ ውስጥ የመነሻው ዕፅ አንድ ሞለኪውል እንኳ የመገኘቱ ዕድል የለም ከማለት አይለይም። ውኃው የነካውን ነገር «ያስታውሳል» የሚለው መልስ እ.ኤ.አ. በ1988 በአንድ ታዋቂ የሳይንስ መጽሔት ላይ ወጥቶ ነበር፤ መጽሔቱ ራሱ የላካቸው መርማሪዎች የትኛው ብልቃጥ ምን እንደያዘ በማይታወቅበት ሁኔታ ሙከራውን ሲያስደግሙት ግን ውጤቱ አልተገኘም።

የጽሑፉ ትልቁ ስሕተት ግን ማዞርን እንደ አንድ በሽታ መቁጠሩ ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ብዬ መቆየት እፈልጋለሁ፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሰው «ያዞረኛል» ሲለን ራሱን ሊስት እንደደረሰ፣ ወይም እግሩ እንደማይጸናለት፣ ወይም ቤቱ በዙሪያው እንደሚሽከረከርበት እየነገረን ሊሆን ይችላል። በትክክል አዙሪት የሚባለው የመጨረሻው ነው፤ እርሱም ቢሆን ብዙ መንስኤ አለው። በብዛት የሚያጋጥመው ደግሞ ከማንኛውም «ኃይል» ጋር የማይገናኝ፣ ግልጽ የሆነ የቦታ መሳት ነው። በውስጠኛው ጆሯችን፣ ሚዛናችንን በሚጠብቀው ክፍል፣ ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ እጅግ ደቃቅ ጠጠሮች አሉ። እነዚህ ጠጠሮች ከቦታቸው ተላቅቀው በፈሳሽ ወደተሞሉት ግማሽ ክብ ቦዮች ሲገቡ፣ ሰውየው አልጋው ላይ ሲገላበጥ ወይም ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ለማውረድ ቀና ሲል ፈሳሹን ይገፉታል፤ አንጎልም አካሉ የሚሽከረከር ይመስለዋል። ቤቱ ይዞራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብዙውን ጊዜ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ይቆማል፤ በሚቀጥለው መገላበጥ ደግሞ ይመለሳል።

ስለ ሚዛን አካል ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. የ1914ን የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሮበርት ባራኒ ይህን ሕመም በ1921 ገልጾታል፤ ዲክስና ሃልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች በ1952 ሕመምተኛውን አስተኝቶ ዓይኑን በማየት ሕመሙ የሚለይበትን ምርመራ አሳተሙ፤ አሜሪካዊው ጆን ኤፕሊ ደግሞ በ1992 ጠጠሩን ወደ ቦታው የሚመልሰውን ዘዴ በጽሑፍ አወጣ። ዘዴው መድኃኒት የለበትም። ሕመምተኛው አልጋ ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱ ወደታመመው ጎን በ45 ዲግሪ ይዞራል፤ ወደኋላ ይጋደምና ጭንቅላቱ ከአልጋው ጫፍ ጥቂት ዝቅ ይላል፤ አዙሪቱ እስኪቆም ይጠበቃል፤ ከዚያም ጭንቅላቱ ወደ ሌላው ጎን፣ ቀጥሎም ከነትከሻው አፍንጫው ወደ መሬት እስኪያመለክት ይዞራል፤ በመጨረሻ ቀስ ብሎ ይነሣል። ከጥቂት ደቂቃዎች በላይ አይፈጅም። በርካታ ሙከራዎችን አንድ ላይ የመረመረ ግምገማ እንዳሳየው ለማስመሰል ብቻ ጭንቅላታቸው ከዞረላቸው ሰዎች መካከል ከ100ው 21 ያህሉ ሙሉ በሙሉ ሲድኑ፣ ትክክለኛው ዘዴ ከተሠራላቸው ግን 56 ያህሉ ድነዋል። አንባቢ ሁለቱንም ቁጥሮች እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ወደ 21ዱ እመለሳለሁ።

ይህን የማውቀው በራሴ ስሕተት ጭምር ነው። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን፣ ቀኑን ሙሉ ቡና ስትለቅም የምትውል አንዲት ሴት «ስተኛ ጣሪያው ይዞርብኛል» እያለች ሦስት ጊዜ ተመላልሳ መጥታለች። የደሟ ውጤት ጤነኛ እያለ የደም ማነስ ክኒን ሰጠኋት፤ ቀጥሎ ጨጓራ ነው አልኳት። አስተኝቼ ዓይኗን አላየሁም። በሦስተኛው ጊዜ አንድ አንጋፋ ባልደረባዬ አልጋው ላይ ወጥታ እንድትጋደም አድርጎ ራሷን ወደ ቀኝ ሲያዞር ዓይኗ መርገብገብ ጀመረ፤ ራሷን ያንኑ ሰዓት በቅደም ተከተል አዙሮ ሲያስነሣት ያ ወራት የፈጀ ሕመም አብሮ ለቀቃት። እኔ ለዚያች ሴት ያደረግሁት ሆሚዮፓቲ ሊያደርግላት ከሚችለው የተሻለ አልነበረም፤ ሁለታችንም ሳንመረምር ክኒን ሰጪዎች ነን።

ሌሎቹ መንስኤዎችም የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፈረንሳዊው ፕሮስፔር ሜኒየር እ.ኤ.አ. በ1861 የገለጸውና በስሙ የሚጠራው ሕመም ከደቂቃዎች እስከ ሰዓታት በሚቆይ አዙሪት፣ በጆሮ ጩኸት፣ በጆሮ መደፈንና በመስማት መቀነስ ይታወቃል፤ ይመጣል፣ ለወራት ይጠፋል፣ ደግሞ ይመለሳል። የሚዛን ነርቭ ሲቆጣ ሰው ለቀናት ከአልጋ መነሣት ያቅተዋል፤ ከዚያ በሳምንታት ውስጥ አንጎል እየተላመደው ይሻለዋል። ጽሑፉ ላይ ምስክርነታቸው የሰፈረው ሰዎች «እንክብሉን በወሰድኩ በሦስተኛው ሳምንት ተሻለኝ» ብለዋል። አምናቸዋለሁ፤ ተሽሏቸዋል። ቀደም ብዬ የጠቀስኳቸው 21 ሰዎችም ምንም ሳይደረግላቸው ድነዋል፤ በዚያ ሳምንት የስኳር እንክብል ቢሰጣቸው ኖሮ ምስጋናውን የሚወስደው እንክብሉ ነበር።

አንድ ዓይነት አዙሪት ግን ጊዜ አይሰጥም። ማዞሩ በድንገት መጥቶ ንግግር ከተኮላተፈ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ፊት ወይም እጅና እግር ከዛለ፣ ተደግፎ እንኳ መቆም ካልተቻለ ወይም ከባድ ራስ ምታት ከተጨመረበት በአንጎል የኋላ ክፍል የደረሰ ስትሮክ ሊሆን ይችላል፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። አንዱ ጆሮ በድንገት መስማት ሲያቆምም እንዲሁ ነው፤ ለእርሱ የሚሰጠው ሕክምና ከሁለት ሳምንት በላይ ሲዘገይ ጥቅሙ እየመነመነ ይሄዳል። ጸሐፊው በዚህ ሁሉ ላይ አንድ መስመር አለመጻፋቸው፣ ይልቁንም «ማዞሩ መጀመሪያ ቢብስ መድኃኒቱ መሥራት መጀመሩ ነው» ማለታቸው ከጽሑፉ ሁሉ ያሳዘነኝ ነገር ነው።

ተረጋግጧል ወደተባለው ጥናት ልለፍ። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመው ሙከራ እውነተኛ ነው፤ ከ100 ጥቂት የሚበልጡ ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው ገሚሱ ቨርቲጎሂል የተባለውን የሆሚዮፓቲ ቅይጥ፣ ገሚሱ ቤታሂስቲን የተባለውን የታወቀ ክኒን ወሰዱ፤ ሁለቱም ቡድኖች ተመሳሳይ መሻሻል አሳዩ። ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው «ከዘመናዊው መድኃኒት እኩል ሆነ» ብለዋል። ነገር ግን በሙከራው ውስጥ መድኃኒት የሌለበት አምሳያ ክኒን የወሰደ ሦስተኛ ቡድን አልነበረም፤ ሁሉም በጊዜ ብዛት የሚሻላቸው ከሆነ ሁለቱ ቡድኖች እኩል መሆናቸው ምንም አይነግረንም። ቤታሂስቲን ራሱም እ.ኤ.አ. በ2016 በ221 የሜኒየር ሕሙማን ላይ ለዘጠኝ ወር ሲፈተን የአዙሪቱን ብዛት በመቀነስ ከአምሳያው ክኒን አልበለጠም። ብቃቱ በዚህ ደረጃ አጠራጣሪ ከሆነ ነገር ጋር እኩል መሆን ማረጋገጫ አይሆንም፤ ይህን ስል ለእኛው የመድኃኒት ቤት መደርደሪያም ጭምር እየመሰከርኩበት ነው። በተጨማሪም ያ ቅይጥ አራት ነገሮችን የያዘና ብዙም ያልቀጠነ ስለሆነ፣ ጸሐፊው ለሚመክሩት 30 ጊዜ ለቀጠነው እንክብል ምስክር ሊጠራ አይችልም። የአውስትራሊያ ብሔራዊ የጤናና የሕክምና ምርምር ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2015 ያሉትን ጥናቶች መርምሮ ሆሚዮፓቲ እንደሚሠራበት አስተማማኝ ማስረጃ ያለው አንድም የጤና ችግር አላገኘም፤ ፈረንሳይም ከ2021 ጀምሮ ወጪውን ከመሸፈን ወጥታለች።

አሁን ወደ ልጆች ጆሮ እንምጣ። ጸሐፊው ፑልሳቲላና ቤላዶና የተባሉት እንክብሎች የልጆችን የጆሮ ሕመም ያለ አንቲባዮቲክ እንደሚያድኑ ጽፈዋል። በድንገት በሚነሣ የመሐል ጆሮ ሕመም ላይ ግማሽ እውነት አለበት፤ ከ100 ልጆች 60 ያህሉ ምንም አንቲባዮቲክ ሳይወስዱ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕመሙ ይተዋቸዋል፤ ስለዚህ ሐኪም ራሱ አንዳንዴ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ሁለት ሦስት ቀን እንጠብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2001 በ75 ልጆች ላይ በተደረገው የሆሚዮፓቲ ሙከራም፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በተመዘገቡት የሕመም ምልክቶች ላይ ልዩነት ቢታይም፣ ሕክምናው ባልሠራላቸው ልጆች ብዛት ላይ የታየው ልዩነት በአጋጣሚ ከሚመጣ ልዩነት ሊለይ አልቻለም።

ነገር ግን መግል የሚያወጣ ጆሮ ሌላ ጉዳይ ነው፤ የጅማ ልጆችን በብዛት የሚጎዳቸውም እርሱ ነው። መግሉ 14 ቀን ካለፈው ሥር የሰደደ ይባላል። የጆሮው ታምቡር ተበስቷል፤ በቀዳዳው በኩል ውኃና ጀርም ይገባል፤ መስማት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ልጁም ትምህርት ቤት ሲገባ «ሰነፍ» ይባላል፣ ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አስተማሪውን ስለማይሰማ ብቻ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጣው ግምት በዓለም ላይ ጆሯቸው የሚመግል ሰዎች ከ65 ሚሊዮን እስከ 330 ሚሊዮን ይደርሳሉ። መግሉ ወደ ጎረቤት አጥንት ሲዘልቅ ከጆሮ ጀርባ የሚያም እብጠት ይወጣል፤ ፊት ሊጣመም፣ ማጅራት ገትር ወይም በአንጎል ውስጥ መግል መቋጠር ሊከተል ይችላል። ሕክምናው ደግሞ ከባድ አይደለም፤ ንጹሕና ውኃ የሚመጥ ጨርቅ እንደ ክር ተጠቅልሎ ጆሮው ቢያንስ በቀን ሦስት ጊዜ ይደርቃል፤ ከደረቀ በኋላ እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን ያለ የጆሮ ጠብታ ለሁለት ሳምንት ይደረጋል፤ ውኃ እንዳይገባበት ይጠበቃል። ጠብታው ላይ ላዩን ነው የተባለው ልክ አይደለም፤ በተበሳው ታምቡር አልፎ ጀርሙ ካለበት ቦታ የሚደርሰው እርሱ ነው። ሳይደርቅ የተጨመረ ጠብታ ግን ከመግሉ ጋር ተመልሶ ይፈስሳል፤ ብዙ እናቶች «አልሠራም» የሚሉት ማድረቁን ማንም ስላላሳያቸው ነው። የሞቀ ዘይት፣ የነጭ ሽንኩርትና የጤና አዳም ጭማቂም በዚህ ጆሮ ውስጥ አይገቡም።

ጸሐፊው እንክብሉን የሚወስድ ሰው ቡና እንዳይጠጣ ያዝዛሉ፤ ቡና የመድኃኒቱን ኃይል ያፈርሳል በማለት። ይህ ሐሳብ ከመሥራቹ የመጣ ነው፤ ሃነማን እ.ኤ.አ. በ1803 ቡናን የብዙ ሥር የሰደዱ ሕመሞች ምንጭ አድርጎ ጽፏል። ጅማ ላይ ይህ ትእዛዝ ምን እንደሚያመጣ አስቡት። በቀን ሦስት ጊዜ ቡና በሚፈላበት ቤት፣ ጎረቤት ተጠርቶ አቦል እስከ በረካ በሚጠጣበት አገር፣ ሳይሻለው የቀረ ሰው ሁሉ «ቡና ጠጥተህ ነው» ይባላል፤ ጥፋቱም ከመድኃኒቱ ወደ በሽተኛው ይዞራል። ሲሠራ በራሱ፣ ሳይሠራ በበሽተኛው የሚመካኝ ነገር መቼም ተፈትኖ ሊወድቅ አይችልም።

ከአባቶቻችን መድኃኒት ጋር አንድ ነው የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። የኛ መድኃኒት አዋቂዎች የሚሰጡት ቅጠልና ሥር የሚሸት፣ የሚመር፣ መጠን ያለው ነው። ኮሶ ለትል የሚጠጣው በሚያንገሸግሽ መጠን ነው፤ ሲበዛ እንደሚጎዳም ያውቁታል። ኮሶን 30 ጊዜ አቅጥኖ ኃይሉ ጨመረ የሚል ኢትዮጵያዊ አዋቂ አላጋጠመኝም። ጉዳት የለውም የተባለውም ሁልጊዜ እውነት አይደለም፤ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ለሕፃናት ጥርስ ማውጫ በሚሸጡ የሆሚዮፓቲ እንክብሎች ውስጥ የመርዛማው ቤላዶና መጠን ወጥ እንዳልሆነ፣ አንዳንዴም ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው እጅግ እንደሚበልጥ አስታውቋል።

በአንድ ነገር ግን ጸሐፊው ትክክል ናቸው። የሆሚዮፓቲ ባለሙያ በሽተኛውን አንድ ሰዓት ሙሉ ያዳምጣል፤ እኛ ግን ሰልፉ ረጅም ነው ብለን በአምስት ደቂቃ እንሸኛለን ብለዋል። ይህ እውነት ነው፤ ያቺን ቡና ለቃሚ ሦስት ጊዜ የመለስኳት እኔ ነኝ። አዙሪት ደግሞ ከሌሎች ሕመሞች ይበልጥ የሚለየው በጥያቄ ነው፦ ስንት ጊዜ ይቆያል? ሲገላበጡ ነው ወይስ ቁጭ እንዳሉ? ጆሮ ይጮኻል? መስማት ቀንሷል? ጄንታማይሲን ወይም ስትሬፕቶማይሲን መርፌ በቅርቡ ወስደዋል? እነዚህ መርፌዎች ውስጠኛውን ጆሮ ሊጎዱ ይችላሉ፤ ካልጠየቅን በሽተኛው አይነግረንም። ይህን መጠየቅና አልጋው ላይ አስተኝቶ ዓይን ማየት ውድ መሣሪያ አይፈልግም፤ በማንኛውም ጤና ጣቢያ ሊሠራ ይችላል። ከዚያ የከበደውን በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ወዳለው የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል መላክ ይቻላል።

ወረቀቱን ያመጣችልኝን እናት ወንበር ሰጥቻት ጨርቁን እንዴት እንደምትጠቀልል አሳየኋት፤ ከዚያ በእኔ ፊት ራሷ ልጇን እየያዘች አደረቀችው፤ ጨርቁ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ አራት ጊዜ ቀየረች። ጠብታውን እንደገና ጀመረች። በሁለተኛው ሳምንት ስትመለስ መግሉ ቆሟል። ታምቡሩ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን አልገጠመም፤ በግራ ጆሮውም ሹክሹክታዬን አልሰማኝም፤ ስለዚህ የመላኪያ ወረቀት ጽፌ ወደ ጆሮ ሐኪም ላክኋቸው።